የቡሌ ጉም እና የሳተላይቱ ፀሐይ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የከበደኝ ጠዋቱ ነው። የቀረውን ቀን እንደምንም እገፋዋለሁ፤ ገበያ አለ፣ ቸርች አለ፣ ለቅሶ መድረስ አለ። ጠዋት ግን እንደ ልማዴ ጎህ ሲቀድ እነቃለሁ፣ ሹራቤን አጠልቃለሁ፣ ጫማዬን አስራለሁ፣ ከዚያ የምሄድበት እንደሌለ ትዝ ይለኝና አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ እላለሁ። ዲላ ስትነሳ ይሰማኛል። ባጃጆች ይንጫጫሉ፣ የሐዋሳ መኪና ረዳቶች ይጣራሉ። ሁሉም የሚቸኩልበት አለው።

በቅርቡ ቸርች ውስጥ ጡረታ የወጣነውን እያስነሱ ለምእመኑ ያስተዋውቁን ነበር። አስተማሪው ተነሳ፣ ተጨበጨበለት። ነርሷ ተነሳች፣ ተጨበጨበላት። እኔ ጋ ሲደርስ መድረክ ላይ ያለው ሽማግሌ ትንሽ ተቸገረ።

«እህታችን አስቴር ደግሞ... ሜትሮሎጂ አይደለሽ? ዝናብ ይዘንባል እያላችሁ የምታስፈራሩን?»

«እኔ እንኳ ፀሐይ ነበር የምለካው» አልኩ።

ሰዉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። አልተቀየምኩም፤ ለማያውቀው ሰው ያስቃል። ግን ቤቴ ገብቼ በሩን ከዘጋሁ በኋላ፣ ዕድሜዬን የሰጠሁትን ሥራ አንድ ጊዜ እንኳ ለሰው አስረድቼ እንደማላውቅ ገባኝ። የጠየቀኝም አልነበረም። ስለዚህ እዚህ ልጻፈው ብዬ ተነሳሁ።

ሥራው እንዲህ ነው። ከላይ ከሰማይ ሳተላይት የምድርን ፎቶ ያነሳል። ኮምፒውተር የደመናውን ንጣት አይቶ ከዚያ በታች ላለው መሬት ይህን ያህል ፀሐይ ደርሷል ብሎ ይገምታል። ግምት ነው። መሬት ላይ ደግሞ እንጨት ወይም ብረት ምሰሶ ጫፍ ላይ የሚቀመጥ አንድ መሣሪያ አለ። ከመስታወት ጉልላት ሥር ትንሽ ጥቁር ክብ አለችው። ፀሐይ ጥቁሯን ታሞቃታለች፣ ከሙቀቱ እፍኝ የማትሞላ ኤሌክትሪክ ትወጣለች፣ ያቺን አንድ ሣጥን ይቆጥራታል። የእኔ ሥራ መሬት ያለው መሣሪያ እውነቱን እንዲናገር መጠበቅና ሰማይ ላይ ካለው ግምት ጋር ማፋጠጥ ነበር። ሶላር የሚተክል ሰው፣ ቡና የሚያደርቅ ሰው፣ የሰብል ምርት የሚያጠና ሰው የሚይዘው ቁጥር ከዚህ ነው የሚመጣው። ሁሉም ቦታ መሣሪያ መትከል ስለማይቻል አብዛኛው ሰው በሳተላይቱ ግምት ነው የሚሠራው። ግምቱ ስንት ያህል እንደሚታመን ለማወቅ ደግሞ እንደ እኔ ያለ ሰው አንድ ቦታ መቆም አለበት።

ሥራውን ያስተማሩኝ አቶ ዘለቀ ናቸው። ገና ወጣት ሆኜ ዲላ የአየር ሁኔታ ጣቢያ ስቀጠር እሳቸው ከጎጃም መጥተው እዚህ ሽበት አውጥተው ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ነበሩ። ቤተሰባቸው አገር ቤት ነበር። እኔ ስደርስ ጣቢያው ውስጥ የነበረው አሮጌው መሣሪያ ነው፤ እንደ ብርቱካን ድቡልቡል የሆነ መስታወት ፀሐይዋን ሰብስቦ ከኋላው ያለውን ወረቀት እየጠበሰ የሚሄድ። ማታ ወረቀቱን አውጥተን የተቃጠለውን መሥመር እንለካለን። አዲሱ መሣሪያ ሲመጣ ብዙ ሰው አሮጌውን ረሳው። አቶ ዘለቀ ግን መስታወቱን መጥረግ አልተዉም።

አጥሩ በር ላይ ሲደርሱ መጀመሪያ ይቆማሉ። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ሰማዩን ያያሉ። ደመናው ስንት እጅ እንደሸፈነው፣ ስስ ይሁን ወፍራም፣ ለራሳቸው ያጉተመትማሉ። ከዚያ መሣሪያው ምን ያህል እንደሚል ይገምታሉ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ወደ ሣጥኑ ሄደው የሚያነቡት። ግምታቸው ከገጠመ ምንም አይሉም። ካልገጠመ «በመጀመሪያ ራሴን ነው የምጠረጥረው» ይሉኛል፤ «ቀጥሎ መሣሪያውን። ሰማዩን መጨረሻ ላይ።»

ሲጠጉም ዝም ብለው አይጠጉም። የእኛ አገር ፀሐይ ተንኮለኛ ናት። ታኅሣሥ ላይ እኩለ ቀን ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፣ ሰኔ ላይ ደግሞ ወደ ሰሜን ትሻገራለች። ስለዚህ በጋ ከሰሜን በኩል፣ ክረምት ከደቡብ በኩል ነው የሚጠጉት፤ ጥላቸው መስታወቱ ላይ እንዳያርፍ። ራሳቸው ያጠቡትን ነጠላ ቁራጭ ከኪሳቸው ያወጣሉ፣ በንጹሕ ውሃ ያርሱታል፣ ጉልላቱን ከአናቱ ጀምረው እያዞሩ ወደ ታች ይጠርጉታል። የሕፃን ፊት የሚያብሱ ነው የሚመስሉት። ቀጥሎ ውሃ ልኩን ያያሉ፤ አረፋዋ መሐል ካልቆመች መሣሪያው ዘሟል ማለት ነው። መጨረሻ ላይ መሣሪያው ውስጥ ያለችውን እርጥበት የምትጠጣ ፍሬ ቀለም ያያሉ። ቀለሟ ከተለወጠ ጠግባለች፣ ትቀየራለች።

አንድ ቀን «ማሽን እኮ አይዋሽም ጋሼ፤ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምንድን ነው?» አልኳቸው።

«አስቴር ልጄ፣ ማሽን አይዋሽም የሚሉሽን አትመኚ። ማሽንም ይዋሻል፣ ሰውም ይዋሻል። ሁለቱን አፋጥጠሽ ነው እውነቱን የምታወጪው።»

ያኔ ነገሩ ብዙም አልገባኝም ነበር።

የሳተላይቱ ፕሮጀክት ሲጀመር ሦስት ቦታ መሣሪያ ተተከለ፤ አንዱ ዲላ፣ አንዱ ይርጋጨፌ አጠገብ ኮንጋ፣ አንዱ ደጋው ቡሌ። ቁጥሩን ሰብስቦ ከሳተላይቱ ጋር የሚያስተያየው ዶክተር ናትናኤል የሚባል የአዲስ አበባ ልጅ ነበር። ከእኔ በዕድሜ ብዙ ያንሳል፣ ትሑት ነው፣ ሲናገር ይፈጥናል። ከጀመርን ብዙም ሳንቆይ ደወለልኝ።

«እትዬ አስቴር፣ ኮንጋ ላይ ፀሐይ በእኩለ ሌሊት እየወጣች ነው።»

«ምን?»

«ዳታው እንደዚያ ነው የሚለው። እኩለ ሌሊት ላይ ትወጣለች፣ እኩለ ቀን ላይ ትጠልቃለች።»

ከአቶ ዘለቀ ጋር ይርጋጨፌ ድረስ በመኪና፣ ከዚያ በሞተር ወደ ኮንጋ ሄድን። መሣሪያው የቆመው ቡና ማጠቢያው ግቢ ውስጥ ነበር። የማጠቢያው ቴክኒሻን አየንና በኩራት ተቀበለን። ባትሪው ደክሞ ሰዓቱ ጠፍቶ ስላገኘው እሱ ራሱ አስተካክሎታል። እጁን ዘርግቶ የሣጥኑን ሰዓት አሳየን። በእኛ አቆጣጠር ጠዋት ሦስት ሰዓት ይላል። ትክክል ነው! አቶ ዘለቀ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። እንደዚያ ሲስቁ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየኋቸውም። ሳቃቸው ሲበርድ ልጁን ትከሻውን ያዝ አድርገው፣ «አንተ አልተሳሳትክም» አሉት፤ «እኛ ጠዋት አንድ ሰዓት የምንለውን ኮምፒውተሩ ሰባት ይለዋል፣ ሳተላይቱ ደግሞ አራት። ሦስት ዓይነት ሰዓት ይዘን አንድ ፀሐይ እንለካለን ብለን የተነሳነው እኛ ነን።»

ቡሌ ላይ ግን የሚያስቅ ነገር አልነበረም።

ወደ ቡሌ እንድሄድ ስጠየቅ ባለቤቴ ታምሩ ሐዋሳ ተቀይሮ ነበር። አስተማሪ ነው። ፕሮጀክቱ እስኪያልቅ ልቆይ፣ ከዚያ እመጣለሁ አልኩት። እሺ አለ። ልጅ ስላልነበረን ነገሩ ቀላል መሰለን። ፕሮጀክቱ አንድ ጊዜ ተራዘመ፣ ደግሞ ተራዘመ። ታምሩ መጀመሪያ በየማታው ይደውል ነበር፣ ከዚያ በየሳምንቱ። አንድ ቀን ደውሎ ስለ ቡሌ አየር ጠየቀኝ። ብርዱ እንዴት ነው፣ ዝናቡስ አለኝ። መለስኩለት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው ሌላ የሚጠይቀኝ ነገር እንዳልነበረው የገባኝ። ሳንጣላ ተለያየን። ከሚጣሉ ሰዎች ይልቅ ሳይጣሉ የሚለያዩ ብቸኝነታቸው ይብሳል፤ የሚናደዱበት እንኳ የላቸውም።

የቡሌ ጣቢያ ከከተማው በላይ ያለች ገላጣ ሜዳ ላይ ናት። ቦታው የተመረጠው ዛፍም ቤትም እንዳያጠላበት ነው። ሥራው ራሱ ሰው እንዲርቅ ይፈልጋል። በየጠዋቱ ከተከራየሁበት ቤት ተነስቼ በእንሰቱ መሐል ያለውን ዳገት እወጣለሁ። ብዙ ቀን ጉሙ ከመውፈሩ የተነሳ ምሰሶውን የማየው እጄን ዘርግቼ ልነካው ስደርስ ነው። መስታወቱን እጠርጋለሁ፣ ጤዛው መልሶ ይይዘዋል፣ ደግሜ እጠርጋለሁ። ሰማዩን መጀመሪያ ማየት ያለብኝ ቢሆንም የሚታይ ሰማይ የለም። አጠገቤ የሚያወራ ሰው ስለሌለ አቶ ዘለቀን እንደማወራ አድርጌ ግምቴን ጮክ ብዬ እናገራለሁ።

የቤቴ ባለቤት ወይዘሮ ታደለች ትባላለች፤ ባሏ የሞተባት፣ ማርታ የምትባል ትንሽ ልጅ ያላት ሴት። አማርኛ ሲቸኩልባት «አንተ» እና «አንቺ» ይምታቱባታል። «አስቴር፣ አንተ ዛሬም በዚህ ብርድ ልትወጣ ነው?» ትለኝ ነበር ትኩስ ቆጮ እያቀበለችኝ። ሌላዋ ወዳጄ የጤና ጣቢያዋ ሲስተር አማረች ናት። ቡሌ ተወልዳ ያደገች፣ እንደኔ ብቻዋን የምትኖር፣ ቆፍጣና ሴት። ማታ ማታ ወይ እሷ ቤት ወይ እኔ ቤት እንበላለን። አስቱ ብላ ትጠራኝ ነበር። ከእናቴ በኋላ እንዲያ ብሎ የጠራኝ ሰው የለም።

ከጥቂት ወራት በኋላ ዶክተር ናትናኤል ደወለ።

«እትዬ አስቴር፣ ቡሌ በጣም ዝቅ ይልብኛል። ሳተላይቱ ብዙ ፀሐይ አለ ይላል፣ የአንቺ መሣሪያ ደግሞ ትንሽ። መስታወቱ ይጠረጋል አይደል?»

«በየቀኑ» አልኩት፤ ስልኩን ዘግቼ ለአቶ ዘለቀ ደወልኩና አለቀስኩ።

«ጥያቄ ስድብ አይደለም» አሉኝ። «እኔም ብሆን እጠይቅሽ ነበር። መሣሪያው ሊደክም ይችላል። ጥቁሩ ቀለም ይደበዝዛል፣ እርጥበት ይገባዋል። ሌላ መሣሪያ ጎኑ አቁመን እናያለን። እስከዚያ ድረስ ልክ ነኝም፣ ተሳስቻለሁም አትበይ።»

ዶክተርም ያለው ይህንኑ ነው። ሁለተኛ መሣሪያ ይመጣል፣ ጎን ለጎን ይቆማሉ፣ ከተስማሙ የቡሌ ቁጥር ይታመናል። እስከዚያ ግን የእኔ ቁጥር በጥርጣሬ ተይዞ ይቆያል። አሠራሩ ትክክል ነበር፤ ዛሬም ቢሆን ከዚያ የተሻለ አሠራር አላውቅም። ችግሩ ሁለተኛው መሣሪያ ለፍተሻ ውጭ አገር ሄዶ ስለነበር መመለሱ ዘገየ።

በዚያው መሐል አንድ የረድኤት ድርጅት ለጤና ጣቢያው በሶላር የሚሠራ የክትባት ፍሪጅ ሊተክል መጣ። አማረች በደስታ የምትሆነውን አጣች። የነበራት ፍሪጅ በላምባ የሚሠራ፣ ክፍሉን በጭስ የሚሞላ፣ ደስ ሲለው የሚቀዘቅዝ ሲያኮርፍ የሚሞቅ ነበር። መሐንዲሶቹ ለስሌቱ የፀሐይ ቁጥር ጠይቀው የተሰጣቸው የሳተላይቱ ነው፤ የታመነው ቁጥር እሱ ብቻ ነበርና። የሶላሩ ሰሌዳዎች ጣሪያው ላይ ሲሰቀሉ መሰላሉን የያዝኩት እኔ ነኝ። አንደኛውን መሐንዲስ፣ «የእኔ መሣሪያ ከዚህ ያነሰ ነው የሚለው፤ ግን እየተጣራ ነው» አልኩት። እንደዚያው ነው ያልኩት፣ እየተጣራ ነው። «ሲጣራ ንገሪን፣ እንጨምራለን» አለኝ። ደግ ሰው ነበር።

ክረምቱ ገባ። ያ ክረምት ጉሙ ተነስቶ የማይሄድ፣ እንግዳ ሆኖ መጥቶ ቤተኛ የሆነ ክረምት ነበር። ጠዋት አለ፣ ቀትር ላይም አለ። አንድ ቀን ከሜዳው ስወርድ አማረችን የጤና ጣቢያው በር ላይ ቆማ አገኘኋት። ጭቃ ለጭቃ ከሩቅ ቀበሌ የመጡ እናቶች ሕፃናቸውን አዝለው ግቢውን ሞልተውታል፤ የክትባት ቀን ነው።

«ዛሬ ክትባት የለም» እያለቻቸው ነበር በጌዴኦኛ፤ «ሌላ ጊዜ እናስጠራችኋለን፣ ተመለሱ።»

አንዷ እናት ያልሰማች መስላ የልጇን እጅጌ መሰብሰብ ጀመረች። አማረች ቀስ ብላ እጅጌውን መልሳ አወረደችው።

ውስጥ ስንገባ ብልቃጦቹን አሳየችኝ። እያንዳንዱ ላይ ሙቀት ሲነካው የሚጠቁር ትንሽ ምልክት አለ። ሁሉም ጠቁረዋል። ሰሌዳዎቹ የሰበሰቡት ፀሐይ ፍሪጁን ሊያቀዘቅዝ አልቻለም፤ ከአንድ ቀን በላይ ሞቆ ቆይቷል። የኩፍኝ ክትባቱ ሁሉ ተጣለ። አዲስ እስኪመጣ መንገዱ በጭቃ ተቆርጦ ቆየ።

ከዚያ ኩፍኝ ገባ። ቡሌ ውስጥ ኩፍኝ እንግዳ አይደለም፤ ያቺ የክትባት ቀን ባትቀር ኖሮ ማን ይድን ማን ይታመም እንደነበር ማንም ሊናገር አይችልም። አማረችም አትልም፣ እኔም አልልም። የማውቀው የታደለች ልጅ ማርታ በዚያ ቀን መከተብ እንደነበረባት ነው። ትኩሳቱ ያዛት፣ ፊቷና ደረቷ ሽፍ አለ፣ ዓይኗ ብርሃን መቋቋም አቃተው። መስኮቱን በጋቢ ጋረድንላት። እኔ ከጉሙ መጥቼ እጄን እስካሞቅ አልነካትም ነበር። ታደለች «ጌታ ሆይ፣ ይህችን ብቻ ተውልኝ» እያለች ከአጠገቧ አልነሳ አለች። አማረች ከጤና ጣቢያው ስትመለስ ትገባለች፣ ታያታለች፣ እኔን ሳታይ ትወጣለች።

ማርታ ተረፈች። ግን ሕመሙ ወደ ጆሮዋ ገብቶ አንደኛው ጆሮዋ መስማት ተወ። ስንጠራት የማትመልሰው ሕመሙ አድክሟት መስሎን ስለነበር፣ እስኪገባን ትንሽ ጊዜ ፈጀብን።

ማርታ መነሳት በጀመረች ሰሞን ማታ አማረች ቤት ሄድኩ። ገበታ አቅርባ ነበር፤ አልበላንም።

«አስቱ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለች። «በየቀኑ ዳገት እየወጣሽ ስትለኪ የነበረው ምንድን ነው?»

መልስ ነበረኝ። መሣሪያው በጥርጣሬ ተይዞ ነበር፣ ሌላው ስላልደረሰ ማረጋገጥ አልተቻለም ልላት እችል ነበር። ሁሉም እውነት ነው። ግን ያ እውነት እሷ ቤት ውስጥ፣ በዚያ ባልተነካ ምግብ ፊት ሰበብ ሆኖ ታየኝ። ተነስቼ ወጣሁ። ከዚያ ቀን በኋላ መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላም ትለኛለች፣ እንደ ማንኛውም ሰው። አስቱ ማለት ተወች፤ «አስቴር፣ ደህና ዋልሽ?» ብቻ።

ሁለተኛው መሣሪያ የመጣው ክረምቱ ሲያልፍ ነው። ዶክተር ናትናኤል ራሱ ይዞት መጣ፣ አቶ ዘለቀም ከዲላ አብረው መጡ። ጎን ለጎን አቆምናቸው። ሳምንታት ጠበቅን። ሁለቱ መሣሪያዎች አንድ ቁጥር ተናገሩ። የእኔ መሣሪያ አልተሳሳተም ነበር። ቡሌ ላይ የሚደርሰው ፀሐይ በእርግጥም ትንሽ ነው። ልክ መሆናችንን ሳናውቅ ልክ ነበርን፤ ሳናውቀው ደግሞ ለማንም አልጠቀመም።

ዶክተር ለምን እንደሆነ በዓይኑ ማየት ፈለገ። አንድ ጠዋት ሦስታችን ከሜዳው በላይ ያለው ጉብታ ላይ ወጣን። አቶ ዘለቀ ትንፋሻቸው ቆረጥ ቆረጥ እያለ ነበር። አናቱ ላይ ስንደርስ ከጉሙ በላይ ሆንን። ጉሙ የቡሌን ተረተር ብቻ ተከትሎ እንደ ተነደፈ ጥጥ ተኝቷል። ከእሱ ወዲያ ቆላው እስከ ዲላ ድረስ በፀሐይ ያበራል።

«ለሳተላይቱ ይህ ሁሉ አንድ ነጥብ ነው» አለ ዶክተር። «ጉሙም ቆላውም አንድ ላይ ተደባልቆ ነው የሚታየው። አማካዩ ጥሩ ፀሐይ አለ ይላል።» ከዚያ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ስለ ፍሪጁና ስለ ማርታ ነግሬው ነበር። «እትዬ አስቴር፣ ልጅቷን ማየት እችላለሁ?» አለኝ።

ወስጄ አሳየሁት። ታደለች እንግዳ ነው ብላ አስተናገደችው። ለምን እንደመጣ አልነገራትም፤ እኔም አልነገርኳትም። ማርታ ደህና የሆነው ጆሮዋን እያዞረች ታደምጠው ነበር። በዚያው ወር መሐንዲሶቹ ተመልሰው መጡና ሰሌዳ ጨመሩ። ፍሪጁ ከዚያ ወዲህ ሞቆ አያውቅም።

ከዚያ በኋላ ያለው ረጅም ሥራ ነው፣ ረጅምና ጸጥ ያለ። ዶክተር ለደጋ ቦታዎች ግምቱን የሚያርምበትን መንገድ ሊሠራ ነበር፤ ለዚያ ደግሞ ሳይቋረጥ የሚለካ ጣቢያ ያስፈልገዋል። ቡሌ ቀረሁ። አቶ ዘለቀ ጡረታ ወጥተው አገራቸው ገቡ። እሑድ እሑድ ከቸርች ስመለስ ይደውሉ ነበር። «ሰማዩ እንዴት ነው?» ነው መጀመሪያ የሚሉኝ፣ ጤንነቴን እንኳ ከዚያ በኋላ ነው የሚጠይቁት። አንድ እሑድ ሳይደውሉ ቀሩ። በሚቀጥለው ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ልጃቸው ናት። ተቀብረው ነበር። እሷ የማን ልጅ እንደሆንኩ፣ ምን እንደሆንኩ አላወቀችም። «አብረን እንሠራ ነበር» አልኳት። ለቅሶውን ቡሌ ላይ ብቻዬን ተቀመጥኩ። ታደለች የማን ለቅሶ እንደሆነ ሳትጠይቅ ቆጮና ጎመን ይዛ መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለች።

የጡረታዬ ጊዜ ሲቃረብ ዶክተር ደወለ። ድምፁ የተማሪ ልጅ ድምፅ ሆኖ ነበር።

«እትዬ አስቴር፣ ገጠመ! እርማቱን ቡሌ ላይ ሞከርነው፣ ሌሎች ደጋዎችም ላይ ሞከርነው። ሳተላይቱና መሬቱ ተስማሙ።»

ሜዳው ላይ ነበርኩ። «እንኳን ደስ ያለህ» አልኩት።

«እንኳን አብሮ ደስ ያለን። እንግዲህ ቡሌን መዝጋት እንችላለን።»

ስልኩን ኪሴ ከተትኩና ቆምኩ። ብዙ ዓመት የደከምኩበት ነገር ተሳካ፤ መሳካቱም እኔ ከእንግዲህ እንደማላስፈልግ ነው የሚናገረው። ደስ ብሎኝ ነበር፣ እውነቴን ነው። የምነግረው ሰው ዙሪያዬን ፈለግሁ፤ ጉም ብቻ ነው።

መሣሪያውን እኔው ራሴ ፈታሁት። ምሰሶው ቀረ፤ ከሲሚንቶው ለመንቀል ብዙ ጉልበት ይጠይቃል። ታደለችን ተሰናበትኳት፤ «አንተ እኮ ቤተሰብ ነህ፣ ትመጣለህ» አለችኝ እያለቀሰች። ማርታ አድጋ ትምህርት ቤት ነበረች፣ ተመልሳ መጥታ አቀፈችኝ። ከዚያ ሻንጣዬን ይዤ መናኸሪያ ከመሄዴ በፊት በጤና ጣቢያው በኩል አለፍኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ሳልነግራት መሄድ አቃተኝ።

አማረች የክትባት ሣጥን እያዘጋጀች ነበር። ሻንጣዬን አየች።

«ጣቢያው ተዘጋ» አልኳት።

«ለምን?»

«ሳተላይቱ አሁን ጉሙን ያውቀዋል። እኔ አላስፈልግም።»

ሣጥኑን አስቀመጠች። «ሌላ ቦታ እንዲህ ያለ ፍሪጅ ሲተክሉስ? እንደኛ ያለ ደጋ ላይ?»

«ከመጀመሪያው በትክክለኛው ቁጥር ይተክላሉ።»

ቆማ አየችኝ። ጸጉሯ እንደኔው ሸብቷል፤ በየቀኑ እያየኋት ልብ ብዬ አላየሁትም ነበር።

«አስቱ» አለች። «ያን ማታ የጠየቅሁሽ...»

«የጠየቅሽው ትክክል ነው።»

«ቢሆንም። መጠየቅ የነበረብኝ አንቺን አልነበረም። ግን ሌላ የምጠይቀው ሰው አልነበረኝም።»

ጋውኗን አውልቃ ሚስማሩ ላይ ሰቀለችና «ነይ፣ ልሸኝሽ» አለችኝ። ሻንጣውን ከእጄ ቀማችኝ። መናኸሪያ ድረስ ጭቃውን እየመረጥን፣ ብዙም ሳናወራ ሄድን። ሚኒባሱ እስኪሞላ አብራኝ ቆመች፤ ሥራ አለብሽ ሂጂ ስላት አልሰማችኝም። ሲሞላ ገብቼ መስኮት አጠገብ ተቀመጥኩ። ጉሙ ወርዶ ስለነበር ከመስታወቱ ወዲያ አላያትም ነበር።

መኪናው ገና እንደተንቀሳቀሰ ጎኑ በኃይል ተመታ። ረዳቱ ሰው የቀረ መስሎት አስቆመው። በሩ ሲከፈት አማረች ናት፣ ሮጣ ትንፋሿ ተቆርጧል። አንገቷን አስገባችና ተሳፋሪው ሁሉ እየሰማ፣ «ዲላ ስትደርሺ ደውዪልኝ። እንዳትረሺ» አለች።

ዲላ እስክንደርስ ስልኬን በእጄ ይዤ ተቀመጥኩ። መናኸሪያው ውስጥ ስወርድ፣ ሻንጣዬን መሬት ሳላስቀምጥ ደወልኩላት።